የይርጋለም ዋስ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ልጁን የሚይዝለት ሰው ያጣ መጀመሪያ ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ ጎረቤት ካልሆነለት ደግሞ ወደ ምስራቅ ይሄዳል። የምስራቅ ቢሮ ባጃጆች ተራ ከሚጠብቁበት ጀርባ ያለ ጠባብ ሱቅ ነው። ሱቁን ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር በመጋረጃ ተካፍለውታል። ከመጋረጃው ወዲያ የስፌት መኪናው ሲንኳኳ፣ ወዲህ ምስራቅ ተቀምጣ ለየቤቱ ሠራተኛና ሞግዚት ታገናኛለች። ደላላ ካሏት ግን ትቆጣለች።

«ደላላ የሚያሻሽጠው በግ ነው» ትላለች። «እኔ ሰው ነው የማገናኘው። በግ ዋስ አይጠራም፤ ሰው ይጠራል።»

ይርጋለም በዚያ ሱቅ በር ላይ የቆመችው በጥር ወር፣ ፀሐይ ወጥታ ብርዱ ገና ባልለቀቀበት አንድ ጠዋት ነበር። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃለች።

«ግቢ እንጂ፤ ደጅ ቆሞ ሥራ አይገኝም» አለቻት ምስራቅ። «ልጅ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«አዎ፣ እትዬ። የወንድሞቼን ልጆች አሳድጌያለሁ። የራሴንም።»

«የራስሽ አሁን ማን ጋ ነው?»

ይርጋለም ቀሚሷን ዝቅ ብላ አየችው። ምስራቅም ዓይኗን ተከትላ አየችና ጥያቄውን ተወችው።

«የት ነው የምትኖሪው?»

«ተፈናቃዮቹ መጠለያ።»

«ዋስ አለሽ?»

«ባሌ አለ።»

«ባል ዋስ አይሆንም። አንዱ ሲጠፋ ሁለቱም ነው የሚጠፉት።»

ልብስ ሰፊው ከመጋረጃው ጀርባ ሳቀ። «አንተ ስፌትህን ስፋ» አለችው ምስራቅ፤ ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ይርጋለም ዞረች። «የማላምንሽ ሆኜ አይደለም። ሰዎቹ ልጃቸውን ትተው ነው የሚወጡት። ነገ አንድ ነገር ቢሆን ‘ማን ያውቃታል?’ ይሉኛል። የቀበሌ መታወቂያ ያለው፣ አውቃታለሁ የሚል አንድ ሰው አምጪ። አንድ ብቻ።»

ይርጋለም የተወለደችው ወለጋ ነው። አባቷ በሰፈራው ጊዜ ሄዶ እዚያው ጎጆ ቀለሰ፤ በቆሎና ቡና የሚበቅልበት፣ ብርድ የሚባል ነገር የማይታወቅበት አገር ነበር። እዚያ ይርጋለምን የማያውቃት ሰው አልነበረም። ወፍጮ ቤት ስትሄድ የሦስት ሰፈር ሰው ሰላም ይላታል፤ ዋስ ብትፈልግ ኖሮ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ይነሳላት ነበር። ቀዬው ሰላም ሲያጣ ከባሏ ከሀብታሙና ከትንሽ ልጇ ጋር ወጣች። ደብረ ብርሃን ስትደርስ ግን የሚያውቃት ሰው ሁሉ እንደ እሷው ሸራ ሥር የተጠለለ ነው። የአንዱ መታወቂያ ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል፤ የሌላው ደግሞ የሩቅ አገር ነው። እርስ በርስ መተዋወቁ ለዋስነት አልጠቀማቸውም።

ሀብታሙ ግንባታ ቦታ ድንጋይ ይሸከማል፣ ሲገኝ። ሁለቱ ከወንድሙ ቤተሰብ ጋር አንድ ሸራ ይጋራሉ። ይርጋለም የምትመኘው ትልቅ ነገር አልነበረም፤ በር ያለው አንዲት ክፍል ብቻ። ሲዘጉት የሚዘጋ፣ ነፋስ የማያርገበግበው በር። ሌላ ክረምት ሸራ ሥር አላሳልፍም ብላ ምላለች። ለዚያ ደግሞ ከሀብታሙ ጉልበት ሌላ የእሷ ደመወዝ ያስፈልግ ነበር።

ምስራቅ ጥቂት አሰበችና፣ «ስሚኝ» አለች። «ጠባሴ ሰፈር አንድ ሰው አለ፤ ሲሳይ ይባላል። የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነው። ሚስቱ አስተማሪ ነበረች፤ በመስከረም ሞተችበት። የዘጠኝ ወር ሴት ልጅ አለችው። የላክሁለት ልጆች ሁሉ ሳምንት ሳይሞሉ ይወጣሉ፤ ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ ቤቱም ሐዘን ቤት ነው። ተመላላሽ ነው የሚፈልገው፤ ማታ ማታ ወደ ባልሽ ትመለሻለሽ። እስከ ቅዳሜ ለሙከራ ልላክሽ። ቅዳሜ ግን ከነዋስሽ ነይ። ካጣሽ ዋሷን ይዛ የምትጠብቅ ልጅ አለችኝ፣ ቦታውን ለእሷ ነው የምሰጠው። እንዳትቀየሚኝ።»

«አልቀየምም፣ እትዬ።»

«ሌላ ደግሞ፣ ይህን ጥቁር አውልቂው። በጥቁር ልብስ የሰው ቤት ሥራ አይጀመርም።»

«ዓመቷን አልጨረስኩም» አለች ይርጋለም።

 «እንግዲያው ነጠላሽን እንኳ አስተካክይው» አለቻት። ይርጋለም እሺ ብላ ወጣች፤ መንገድ ላይ ግን ነፋሱ እንዳይወስድባት ስትታገል ነጠላውን ማስተካከሉን ረሳችው።

የሲሳይ የግቢ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ሰውየው ቀትር ላይ ከፋብሪካ ወጥቼ እጠብቃታለሁ ብሎ ስለነበር ይርጋለም የጠበቀችው እሱን ነው። «ቤቶች» ብላ አንገቷን ስታስገባ ግን በረንዳው ላይ የተቀመጡት ጥቁር የለበሱ፣ ፀጉራቸውን የተላጩ አሮጊት ሆኑ። እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው፣ የሟቿ እናት። በዚያው ጠዋት ከአንኮበሩ ጎረቤላ መጥተው ሕፃኗን ከጎረቤት መረከባቸውን ምስራቅም አልሰማችም። ሞግዚት መቀጠሩን ደግሞ ለእሳቸው የነገራቸው የለም።

አሮጊቷ ቀና አሉ። ጥቁሩን አዩ፤ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ።

«ነይ ግቢ ልጄ» አሉ። «አንቺም አሁን ገና ሰምተሽ ነው?» ድምፃቸው ተሰበረ። ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ ሰብስበው፣ ወደፊትና ወደኋላ እየተወዛወዙ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ማልቀስ ጀመሩ። «ሰብልዬ፣ ጓደኛሽ መጣችልሽ። ተነሽ አትያትም ወይ፣ ሰብልዬ።»

«እኔ ለሥራ ነው የመጣሁት» የሚለው ቃል ይርጋለም አፍ ውስጥ ደርሶ ነበር። ግን የሚያለቅስ ሰው ማን ያቋርጣል? በእናቷም በአባቷም ዘንድ ያላየችው ነገር ነው። ትንሽ ይውጣላቸው፣ ከዚያ እነግራቸዋለሁ ብላ ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አንገቷን ደፋች። የነጠላዋንም ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች፤ ለወጉ ነበር የወሰደችው።

ትንሿ ልጇ ትርንጎ የሞተችው በነሐሴ ነው። ብርዱ ደረቷ ውስጥ ገባ፤ ሳሉ ብዙ ቀን አልፈጀባትም። ሀብታሙና ወንድሙ በዝናብ ወስደው ቀበሯት። በዙሪያቸው ያለው ሰው ሁሉ የየራሱን ሐዘን ተሸክሞ ስለነበር «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ አለፈ እንጂ የተቀመጠ አልነበረም። ንፍሮ አልተቀቀለም። ከዳር እስከ ዳር ድንኳን በሆነው በዚያ ሰፈር ለትርንጎ የለቅሶ ድንኳን አልተተከለላትም። ሕፃን መልአክ ነው፣ አይለቀስለትም አሏት። እሷም እሺ አለች።

አሁን በማታውቀው ሰው በረንዳ ላይ፣ የማታውቃት ሴት ስም ሲጠራ፣ የነጠላዋ ጫፍ ረጠበ። መጀመሪያ ዝም ብላ ነበር፤ በኋላ ድምፅዋ ወጣ። አሮጊቷ «ሰብልዬ» ሲሉ እሷ በሆዷ «ትርንጎዬ» ትላለች። አንዳቸው ሲደክሙ ሌላዋ ትቀጥላለች፤ ሌላዋ ዝም ስትል የመጀመሪያዋ ታነሳዋለች። ለቅሶ የሚያውቁ ሁለት ሴቶች እንደሚያለቅሱት አለቀሱ።

ሲበቃቸው እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ተነሱና በትሪ የገብስ ቆሎና ውሃ አመጡላት። «ቅመሽ ልጄ። ከመንገድ ነው የመጣሽ» አሉ። ከጎኗም ተቀመጡ። «ደግ አልቃሽ ነሽ። ልጄን ከየት ታውቂያት ነበር? ከትምህርት ቤት ነው?»

ይርጋለም የያዘችውን ቆሎ ወደ ትሪው መለሰች።

«አላውቃትም፣ እማማ።»

«እንዴት አታውቂያትም?»

«ለሥራ ነው የመጣሁት። ልጅ ልጠብቅ። ምስራቅ የምትባል አገናኝ ናት የላከችኝ።»

አሮጊቷ ቀስ ብለው ራቅ አሉ። «ሞግዚት ነሽ» አሉ። «አማቼ ሞግዚት ቀጠረ፣ ለእኔ ሳይነግረኝ። ይሁን። አንቺ ግን ታዲያ ምን ልሁን ብለሽ ነው የልጄን ለቅሶ ያለቀስሽው? ለደመወዝ ነው? እየዞርሽ ነው የምታለቅሺው?»

«አይደለም፣ እማማ።»

«ታዲያ?»

«የራሴን ነው ያለቀስኩት» አለች ይርጋለም። «ልጅ ሞታብኛለች። እርስዎ ሲያለቅሱ መጣብኝ። በሰው ለቅሶ የራሴን አለቀስኩ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ሊመልሱ ሲሉ ከቤት ውስጥ ሕፃኗ ጮኸች። ሠናይት ነበረች፤ የሰብለ ልጅ። አያቷ አቅፈው አወጧት፣ ዳሌያቸው ላይ አስቀመጧት፣ ጡጦዋን አቀረቡላት። ልጅቷ ጡጦውን በእጇ እየገፋች አለቀሰች። አያቷ በጠዋት ከመጡ ጀምሮ እንዲሁ ነው የዋሉት፤ ወገባቸው ደክሟል፣ ክንዳቸውም መንቀጥቀጥ ይዟል።

«ልዘላት?» አለች ይርጋለም።

 ዝምታቸውን እንደ እሺ ቆጥራ ልጅቷን ተቀበለችና በጀርባዋ አዘለቻት። ሠናይት ጮኸች። ይርጋለም ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ተመላለሰች፤ ልጅቷ አሁንም ጮኸች፤ ፀጉሯን ያዘች፣ ጀርባዋን መታች፣ በመጨረሻም የጠጣችውን ጥቂት ወተት አንገቷ ላይ አስመለሰችባት።

«ይኸው» አሉ አሮጊቷ ከበረንዳው። «ደመወዝሽን ከፈለችሽ።»

ይርጋለም ሳታስበው ሳቀች። ሳቋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ልጅቷ በሳቁ ንዝረት ደንግጣ ይሁን ደክሟት፣ ዝም አለች። ብዙ ሳትቆይ እንደገና ማልቀሷ አልቀረም፤ ዝምታዋ ግን አያቷ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው እንዲተነፍሱ በቂ ነበር።

ሲሳይ ዘግይቶ ደረሰ። ፋብሪካው ውስጥ አንድ መስመር ተቃጥሎ ነው። አማቱንና ሞግዚቷን አንድ ግቢ ውስጥ ሲያይ በሩ ላይ ቆመ።

«ግባ፤ ቤትህ ነው» አሉት አማቱ።

«እማማ፣ ልነግርዎ ነበር።»

«መቼ? ልጅቷ ከተዳረች በኋላ?»

«ይዘዋት እንደሚሄዱ አውቃለሁ። ለዚያ ነው የፈራሁት።»

«ለዚያ ነው የመጣሁትማ። ጎረቤላ ሰው አለ፤ አክስቶች አሏት፤ ላም አለችኝ። እዚህ ማን አላት? በየሳምንቱ የምትለዋወጥ ሴት?»

ሲሳይ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ፤ ራሱን ሳያነሳ ተናገረ። «እማማ፣ ከሥራ ስወጣ ወደዚህ ቤት የሚያስመጣኝ እሷ ብቻ ናት። እሷንም ከወሰዱብኝ ወዴት ነው የምመጣው?»

አሮጊቷ ወደ አጥሩ ፊታቸውን አዞሩ።  «እስከ ቅዳሜ እዚህ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «አያታለሁ።»

አዩዋትም። ይርጋለም በዚያ ሳምንት አንድም ጊዜ ብቻዋን አልሆነችም። ጡጦ ስትቀቅል አሮጊቷ ከኋላዋ ናቸው። ገንፎ ስታገነፋ፣ «እናንተ አገር ገንፎ ይጠጣል እንዴ?» ይሏታል፤ ቀጥኖባት ነበር። ሽንት ጨርቅ ስታሰጣ ተነስተው ይነካካሉ፤ መጭመቋን ለማረጋገጥ። ልጅቷን ስታዝል፣ «እግሯን አታንከርፍፊው፤ በግ መሰለችሽ?» ይላሉ። ይርጋለም ታስተካክላለች። አንድ ቀን ግን ራሳቸው ሲያዝሏት የሠናይት አንድ እግር ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ይርጋለም ዝም ብላ እግሩን ስታስገባው እማማ ወለተ ጊዮርጊስ፣ «አየሽው አይደል፣ ቂመኛ» አሉ። ሁለቱም ፈገግ አሉ፤ ፈገግታውን ግን አንዳቸው ለሌላዋ አላሳዩም።

ሐሙስ ከሰዓት ሠናይት እንቅልፍ እንቢ አለች። ይርጋለም እያዘለች ስትመላለስ አንድ እንጉርጉሮ ከአፏ ወጣ፤ ትርንጎን ታስተኛበት የነበረ ነው። ቃሉ ኦሮምኛ ነበር።

«ምን እያልሽ ነው?» አሉ አሮጊቷ።

«ማስተኛ ነው። ከጎረቤቴ የተማርኩት።»

«ያባረሩሽ ሰዎች ቋንቋ አይደለም?»

«ያባረሩኝም ይናገሩታል፤ የደበቁኝም ይናገሩታል» አለች ይርጋለም። «ከነልጄ ቤቷ የደበቀችኝ ያቺ ጎረቤቴ ናት።»

 «እንግዲያው በይው» አሉ።

ሠናይት ተኛች። አሮጊቷም ከጎኗ አግዳሚው ላይ ጋደም ብለው አብረው ተኙ። ይርጋለም የብርድ ልብሱን በሁለቱም ላይ ዘረጋችና እንዳይነቁ እንጉርጉሮውን ጥቂት ቀጠለች።

አርብ ሲመሽ፣ ይርጋለም ልትወጣ ስትል ሲሳይ በሩ ላይ አገኛት።

«ዋስ አገኘሽ እህቴ?»

«አላገኘሁም፣ ጋሼ። ልብስ የማጥብላቸውን ሴትዮ ለምኜ ነበር፤ ‘ባልሽን አላውቀው፣ አገርሽን አላውቀው’ አሉኝ። እውነታቸውን ነው።»

«እኔ እንዳልሆንሽ ቀጣሪ ነኝ።» ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ምስራቅን ለምኛት ነበር። ‘አንዴ ሕጌን ብጥስ ነገ ማን ያምነኛል?’ አለችኝ።»

እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ከውስጥ ራት እየበሉ ነበር። ሰምተዋል።  ይርጋለም በዚያ ምሽት ወደ መጠለያው ስትሄድ ሳምንቱን ሙሉ ቀና አድርጋው የነበረውን አንገቷን ደፍታ ሄደች። ሀብታሙ ፊቷን አየና የሸራውን ጫፍ በድንጋይ አጠበቀና ለእሷ ነፋስ የማይደርስበትን በኩል ለቀቀላት።

ቅዳሜ ጠዋት ሲሳይ ወደ ሥራ እንደወጣ አሮጊቷ ተዘጋጅተው ጠበቋት። ጫማቸውን አድርገዋል፤ ከጎረቤላ ያመጡት ዘንቢል ተቋጥሯል።

«ልጅቷን እዘያትና እንሂድ» አሉ።

«ወዴት፣ እማማ?»

«እዘያት አልኩሽ።»

ይርጋለም የተቋጠረውን ዘንቢል አየች። ይዘዋት ሊሄዱ ነው አለች በልቧ፤ አባቷ ሳያይ። ልጅቷን አዝላ፣ ዘንቢሉን ይዛ ተከተለቻቸው። ባጃጅ ተገኘ። ባጃጁ ወደ መናኸሪያው አቅጣጫ ሲታጠፍ ይርጋለም አልቻለችም።

«እማማ፣ አባቷ እስኪመጣ ቢጠብቁት» አለች። «እኔ ሥራው ቀርቶብኛል፤ ለእኔ ብዬ አይደለም። ከሥራ ሲመለስ ባዶ ቤት እንዳያገኝ ነው።»

አሮጊቷ ዘወር ብለው አዩዋት። «አፍሽን ዝጊና ልጅቷን ከንፋስ ከልያት» አሉ። ከዚያም ባለ ባጃጁን ትከሻውን መታ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ ሞግዚት የምታገናኝ ሴትዮ እዚህ አካባቢ አለች አሉ። እሷ ጋ ጣለን» አሉት።

ምስራቅ ሱቅ ውስጥ ወንበሩ ተይዞ ነበር። አንዲት ወጣት ልጅ ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ ተቀምጣለች፤ አጎቷ መታወቂያውን በእጁ ይዞ ከአጠገቧ ቆሟል። ምስራቅ ይርጋለምን አይታ ቅር አላት።

«ዋስሽስ?» አለቻት።

«እኔ ነኝ» አሉ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ፤ መታወቂያቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ምስራቅ አነበበችው። «ይህ የጎረቤላ ነው፣ እማማ።»

«አገሬ ነዋ። የት እንዲሆን ፈለግሽ?»

«እርስዎ ደግሞ የሕፃኗ አያት ነዎት። የቀጣሪ ወገን ነዎት። እኔ በሥራዬ የቀጣሪ ወገን ለተቀጣሪ ዋስ ሲሆን አይቼ አላውቅም።»

«ዋስ ማለት ምንድን ነው?» አሉ አሮጊቷ። «ጉዳት ሲደርስ የሚጠየቅ አይደለም? እንግዲህ ይህቺ ልጅ አንድ ነገር ብትሆን ከእኔ የበለጠ የሚጎዳ ማን አለ? አንድ ልጄን ቀብሬያለሁ። የቀረችኝን ነው በእሷ ጀርባ ላይ የማስቀምጠው። ከዚህ የበለጠ ምን ላስይዝሽ?»

የስፌት መኪናው ቆመ። የባለ ሻንጣዋ ልጅ አጎት መታወቂያውን ኪሱ ውስጥ መለሰው።

ምስራቅ ግን ሕጓን በቀላሉ የምትለቅ ሴት አይደለችም። «እሺ፣ እማማ። ሁሉንም ዋስ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ» አለች። «ዋስ የሚሆነው የሚያውቅ ሰው ነው። ይርጋለምን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቋት? ምኗ ነዎት?»

ይርጋለም ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። ሰኞ ነው የተገናኙት። በዚህ ጥያቄ ያልቃል አለች በልቧ።

«አብረን ለቅሶ ተቀምጠናል» አሉ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ።

ምስራቅ የሸዋ ልጅ ናት። ለዚህ ሌላ ጥያቄ እንደማይከተለው ታውቃለች። አብሮ የበላ ይካካዳል፤ አብሮ የነገደም ይካሰሳል። አብሮ ለቅሶ የተቀመጠን ሰው ግን ምኑ ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ብዕሯን አንስታ ጻፈች። አሮጊቷ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው በተጠቆመው ቦታ አሳረፉ፤ የተረፈውን ቀለም በነጠላቸው ሳይሆን በዘንቢላቸው ጠረጉት።

«አንቺ አትዘኚ፤ ለአንቺም ሰኞ ቤት አለኝ» አለቻት ምስራቅ ባለ ሻንጣዋን ልጅ።

ልብስ ሰፊው ከመጋረጃው ወጣ ብሎ፣ «ምስራቅ ዛሬ ሕግ ተማረች» አለ።

«አንተ ስፌትህን ስፋ» አለችው፤ ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

ያ በር ያለው ክፍል ኋላ ተገኝቷል፤ ዝናቡ ሳይገባ፣ ከሲሳይ ቤት ብዙም ሳይርቅ። ሀብታሙ ማጠፊያውን ዘይት ቀብቶ ይርጋለምን «ዝጊው» አላት፤ ዘጋችው፣ ከፈተችው፣ መልሳ ዘጋችው። በዚያ ቅዳሜ ግን ይህ ሁሉ ገና አልመጣም። በዚያ ቅዳሜ ሲሳይ ከሥራ ሲመለስ ልጁን በይርጋለም ጀርባ ላይ፣ አማቱን ደግሞ ዘንቢላቸውን ይዘው በረንዳው ላይ አገኛቸው።

«ብቻዬን ነው የምሄደው» አሉት። «ዋስ ነኝና ግን በየወሩ እመጣለሁ። ዋስ ያስያዘውን ማየት መብቱ ነው።»

ሲሳይ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ቀና አደረጉት።

ወደ መናኸሪያው የሸኘቻቸው ይርጋለም ናት፤ ሠናይትን እንዳዘለች። የጎረቤላው ሚኒባስ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ረዳቱ «አንኮበር፣ ጎረቤላ፣ የቀረ አንድ ሰው» እያለ ይጣራል። እማማ ወለተ ጊዮርጊስ በመስኮት በኩል ተቀመጡ። የልጅ ልጃቸውን እግር በመስኮቱ አሻግረው ያዙ፤ ካልሲዋን ወደ ላይ ሳቡላት።

«ስሚ» አሉ፤ የሚያዩት ካልሲውን ነበር። «የልጅሽ የክርስትና ስም ማን ነበር?»

ይርጋለም ከቀብሩ ወዲህ ያን ስም አውጥታ አልጠራችውም። የጠየቃትም አልነበረም። 

«ወለተ ሥላሴ» አለች።

«ወለተ ሥላሴ» አሉ አሮጊቷ። «የሰብለ ሙት ዓመት ሲደርስ ካህኑ የሰብለን ሲጠሩ የእሷንም አስጠራለሁ። የአንቺም ለቅሶ በልጄ ቤት ነው የተለቀሰው። ስሟን ሳልይዝ ልሄድ አልፈለግሁም።»

ይርጋለም ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

ረዳቱ በሩን ዘግቶ መኪናውን መታ አደረገ። አሮጊቷ የሠናይትን እግር ለቀቁ። ሚኒባሱ ሲነሳ ይርጋለም በመስታወቱ ውስጥ ከንፈራቸውን አየች፤ እንዳይረሱት ስሙን ለራሳቸው ደጋግመው ይሉት ነበር። ሠናይት በጀርባዋ ላይ ስትንፈራገጥ አንድ እግሯ ተንጠለጠለ። ይርጋለም እጇን ወደኋላ ሰዳ እግሩን አስገባችው፤ ወደ ጠባሴም መንገድ ጀመረች።